የማዳበሪያ ነጋዴው ሆረር፦ የከሸፉ አስፈሪ ፊልሞች ለምን ይወደዳሉ?

ኤል ፓሶ በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ ከሜክሲኮ ድንበር ጋር የተለጠፈች ከተማ ናት። በ1966 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እዚያ ሃል ዋረን የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ሥራው ኢንሹራንስና ማዳበሪያ መሸጥ ነው። በትርፍ ጊዜው ደግሞ ከከተማው የቲያትር ወዳጆች ጋር መድረክ ላይ ይወጣል። ይህ ሰው ስተርሊንግ ሲሊፋንት ከሚባል የሆሊውድ ጸሐፊ ጋር ይተዋወቅ ነበር። አንድ ቀን ስለ ፊልም ሲጫወቱ፣ ሃል ሆረር ፊልም መሥራት ያን ያህል አይከብድም፣ እኔ ራሴ እሠራዋለሁ አለ። ተወራረዱ። የታሪኩን መነሻ እዚያው ካፌ ውስጥ ናፕኪን ላይ ሞነጫጨረው ይባላል።

ውርርዱን አሸነፈ። ፊልሙ ተሠራ። ስሙ «ማኖስ፦ የዕጣ ፈንታ እጆች» ነው። ማኖስ በስፓንኛ እጆች ማለት ነው። ስለዚህ ርዕሱ ሲተረጎም «እጆች፦ የዕጣ ፈንታ እጆች» ይሆናል። ፊልሙን የሚወዱ ሰዎች ፍቅራቸው ገና ከርዕሱ ይጀምራል።

ዛሬ ይህ ፊልም በዓለም ላይ ከተሠሩ ፊልሞች ሁሉ የመጨረሻው መጥፎ ነው ተብለው ከሚጠሩት አንዱ ነው። ግን ሰው ያየዋል። ተሰብስቦ ያየዋል። ደጋግሞ ያየዋል። ጥሩ ፊልም በየስልኩ ሞልቶ እያለ ሰው የከሸፈ ሆረር ፈልጎ ማየቱ ለረጅም ጊዜ ይገርመኝ ነበር። አሁን ምክንያቱ የገባኝ ይመስለኛል። መልሱ ያለው ፊልሙ በተሠራበት መንገድ ውስጥ ነው። ስለዚህ ትንሽ እዚያ እንቆይ።

በጀቱ 19 ሺህ ዶላር ነበር። ካሜራው 16 ሚሊሜትር ሲሆን እንደ ድሮ ሰዓት በእጅ ነው የሚሞላው። አንዴ ከተሞላ 32 ሰከንድ ብቻ ይቀርጻል። ከዚያ የሚረዝም ቀረጻ ሊኖር አይችልም። ድምፅ በቦታው አልተቀዳም። በኋላ ጥቂት ሰዎች ስቱዲዮ ገብተው የሁሉንም ገጸ ባሕርያት ድምፅ ተከፋፍለው ሞሉት። የትንሿ ልጅ ድምፅ እንኳ የትልቅ ሴት ነው። ሌሊት ሲቀርጹ መብራቱ የእሳት እራት እየሳበ ካሜራው ፊት ያርመሰምሳል። መብራቱም ሩቅ አይደርስም። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ፖሊሶች የተኩስ ድምፅ ሰምተው ከመኪናቸው ይወርዳሉ። ጥቂት ይራመዱና ጨለማውን አይተው ይመለሳሉ። ከዚያ አልፈው ቢሄዱ አይታዩማ።

መጀመሪያ ላይ አንድ ቤተሰብ መኪና ውስጥ ሆኖ ለደቂቃዎች ይጓዛል። ምንም አይፈጠርም። የሠሪዎቹ ስም እዚያ ላይ ሊጻፍ ታስቦ ነበር፤ ሳይጻፍ ቀረ። ተዋናዮቹም ደመወዝ አልነበራቸውም። ፊልሙ ሲያተርፍ ድርሻ ታገኛላችሁ ተባሉ። የሚጨበጥ ክፍያ የደረሳቸው ሁለት ናቸው። ልጅ ሆና የተጫወተችው ጃኪ ኒማን ብስክሌት ተሰጣት። የቤተሰቧ ውሻም ፊልሙ ላይ ስለነበር 50 ፓውንድ፣ ማለትም 23 ኪሎ ገደማ፣ የውሻ ምግብ አገኘ።

ታሪኩ ቀላል ነው። ለእረፍት የወጣ ቤተሰብ መንገድ ጠፍቶበት አንድ ብቸኛ ቤት ይደርሳል። ቤቱን የሚጠብቀው ቶርጎ ነው። ጌታው ደግሞ ብዙ ሚስቶች ያሉት የጨለማ አምላኪ ነው። ቶርጎ ግማሽ ሰው ግማሽ ፍየል እንዲሆን ነበር የታሰበው። ተዋናዩ ጆን ሬይኖልድስ ሱሪው ሥር የሽቦ ድጋፍ አስሮ ነው የተጫወተው። ተመልካቹ ግን ፍየል አያይም። ጉልበቱ ያበጠና እየተንገዳገደ የሚሄድ ምስኪን ሰው ነው የሚያየው። ሬይኖልድስ ፊልሙ ሊመረቅ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው፣ በ25 ዓመቱ፣ ራሱን አጠፋ። ይህን ካወቅኩ በኋላ የቶርጎን አካሄድ እንደ በፊቱ እየሳቅኩ ማየት አልቻልኩም።

ምርቃቱ ኖቬምበር 15 ቀን 1966 ካፕሪ በሚባለው የከተማው ሲኒማ ቤት ነበር። ሃል እንደ ሆሊውድ እንዲሆን ፈልጓል። ሊሞዚን ተከራየ። ሊሞዚኑ አንድ ብቻ ስለሆነ ጥቂት ተዋናዮችን በር ላይ ያወርድና ዞሮ የቀሩትን ያመጣል። ፊልሙ ተጀመረ። ብዙም ሳይቆይ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሃልና ጓደኞቹ መጨረሻውን ሳይጠብቁ ሹልክ ብለው ወጡ። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ተረሳ። በ1993 «ሚስትሪ ሳይንስ ቲያትር 3000» የተባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ከተረሳበት ቦታ አውጥቶ አሳየው። የፕሮግራሙ ሰዎች የድሮ ፊልም እያዩ ከላይ ከላይ ቀልድ የሚጨምሩ ናቸው። ያኔ «ማኖስ» ሁለተኛ ሕይወት አገኘ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ለምን ሆረር? መጥፎ የፍቅር ፊልም አለ። መጥፎ ኮሜዲም ሞልቷል። ተሰብስቦ የሚያያቸው ሰው ግን ብዙ አይደለም።

አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው። ሆረር የጀማሪ በር ነው። ስመ ጥር ተዋናይ አይፈልግም። አንድ ቤት፣ ጨለማና ጥቂት የሚጮሁ ወጣቶች ካሉ ይጀመራል። ስለዚህ ልምድ የሌለው ሁሉ እድሉን የሚሞክረው እዚህ ነው። የገንዘብ ማነስ ብቻውን ግን ፊልም አያበላሽም። «ፓራኖርማል አክቲቪቲ» የተሠራው በ15 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ያስገባው ከ190 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ያ ፊልም ያለውን ያውቃል። የአንድ ቤት መኝታ ክፍልና አንድ ካሜራ ነው ያለው፤ ታሪኩም እዚያው ውስጥ ይኖራል። ሃል ዋረን ግን በ32 ሰከንድ ካሜራ የጨለማ አምላኪዎች፣ የፍየል እግር ያለው ሎሌና በምሽት የሚጣሉ ሚስቶች ሊያሳየን ነው የተነሳው። የሚወደዱት የከሸፉ ሆረሮች ሁሉ ይህ ነገር አላቸው። ምኞታቸው ከአቅማቸው በጣም ይበልጣል።

ሌላው ምክንያት ከፍርሃት ጋር የተያያዘ ነው። ልጅ ሆነን ታላቅ ወንድማችን ጋቢ ተከናንቦ በጨለማ ሲመጣ የነበረውን አስታውሱ። ትንፋሽ ይያዛል። እግር ይርዳል። ከዚያ ከጋቢው ሥር የምናውቀው የተቀደደ ካልሲ ብቅ ይላል። ያ ሁሉ ፍርሃት ወዴት ይሂድ? በሳቅ ነው የሚወጣው፤ ያውም ሆድ ይዞ በሚያንከባልል ሳቅ። የከሸፈ ሆረር የሚሠራው እንዲህ ነው። ሙዚቃው ሰውነታችንን ይወጥራል። በሩ ሲጥ ይላል። ጭራቁ ይገባል። ጀርባው ላይ ዚፕ ይታያል። ኮሜዲ ሲከሽፍ ዝም እንላለን። ድራማ ሲከሽፍ ይደብረናል። ሆረር ሲከሽፍ ግን የተጠራቀመው ውጥረት መውጫ ስለሚያገኝ ደስታ ይሰጣል።

ይህ ደስታ ደግሞ ብቻ ሲሆኑ ግማሽ ነው። እኔ ሆረር ማየት የጀመርኩት ሰፈራችን ውስጥ በነበረ ቪዲዮ ቤት ነው። በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለ፤ የዕለቱ ፊልም በጠመኔ ይጻፍበታል። ውስጡ አግዳሚ ወንበርና አንድ ቴሌቪዥን ነው። እንግሊዝኛውን በደንብ የሚሰማ ብዙ ሰው አልነበረም። ማንም ግን ዝም ብሎ አያይም። አክተሩ ወደ ምድር ቤቱ ሲወርድ አንዱ «ኧረ አትግባ!» ይላል። ሌላው «አይሞትም፣ አክተር አይሞትም» ብሎ ያረጋጋል። ጭራቁ የጎማ መሆኑ ከታወቀ ቤቱ በሙሉ ይፈነዳል። አሁን ሳስበው እዚያ ቤት ውስጥ ጥሩ ፊልምና መጥፎ ፊልም የሚባል ልዩነት ብዙም አልነበረም። ልዩነቱ አብሮ የሚያስጮህና የማያስጮህ ነበር። ኒው ዮርክም ሆነ ለንደን ውስጥ በእኩለ ሌሊት ተሰብስቦ የከሸፈ ፊልም የሚያይ ሰው የሚፈልገው ያንኑ ይመስለኛል።

እነዚህን ፊልሞች የሚወደው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት የማይችል ሰው ነው የሚል ግምት አለ። ስህተት ነው። ፍራንክፈርት የሚገኘው የማክስ ፕላንክ የሥነ ውበት ተቋም ተመራማሪዎች ኬይቫን ሳርኮሽና ቪንፍሪድ ሜኒንግሃውስ በ2016 ባሳተሙት ጥናት እነዚህን ተመልካቾች ጠይቀዋል። ያገኙት ውጤት፣ ተመልካቾቹ ከአማካዩ የበለጠ የተማሩና ከሁሉም ዓይነት ጥበብ የሚቋደሱ መሆናቸውን ነው። ይህ አልገረመኝም። የፊልም ሕግ ሲጣስ ለማየት መጀመሪያ ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። ከአንዱ ቀረጻ ወደ ሌላው ሲኬድ ቀኑ በድንገት ሌሊት መሆኑ የሚያስቀው፣ ትክክለኛው ፊልም እንዴት እንደሚቆረጥ ዓይኑ የለመደ ሰው ነው።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን «ትሮል 2» ነው። ጣሊያናዊው ክላውዲዮ ፍራጋሶ በ1989 ክረምት ወደ አሜሪካዋ ዩታ ሄዶ ቀረጸው። በ1990 ወጣ። ፊልሙ ውስጥ ትሮል የሚባል ፍጡር የለም። ያሉት ጎብሊን የሚባሉ ሌላ ዓይነት የተረት ፍጡሮች ናቸው። «ትሮል» ከሚባለው የ1986 ፊልም ጋርም ምንም አይገናኝም። ስሙ የተሰጠው ለገበያ ተብሎ ነው። ጎብሊኖቹ ሥጋ አይበሉም። ስለዚህ ሰውን መጀመሪያ ወደ አትክልት ይለውጡትና ከዚያ ይበሉታል። ግማሽ ዓመቱን በጾም ለሚያሳልፍ ሰው ይህ የተለየ ትኩረት የሚስብ ሐሳብ ነው። ጽሑፉን የጻፈችው የፍራጋሶ ባለቤት ሮሴላ ድሩዲ ናት። መነሻዋ ሥጋ መብላት ያቆሙ ጓደኞቿ ስላበሳጯት መሆኑን ራሷ ተናግራለች።

ከጣሊያን የመጡት ባለሙያዎች እንግሊዝኛ ብዙም አይችሉም ነበር። ተዋናዮቹ ደግሞ አብዛኞቹ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። አባት ሆኖ የተጫወተው ጆርጅ ሃርዲ የጥርስ ሐኪም ነው። በአጃቢነት ቢገኝልኝ ብሎ ሄዶ ዋናውን ቦታ አገኘ። ተዋናዮቹ ንግግሩ እንግሊዝኛ አይመስልም፣ ትንሽ እናስተካክለው ብለው ጠየቁ። አይሆንም፣ እንደተጻፈ በሉት ተባሉ። አሉት። ውጤቱ ማንም ሰው በየትኛውም አገር የማይናገረው ዓይነት ንግግር ነው። ሁሉም ግን በሙሉ ኃይሉ፣ ፊቱን አጥብቆ፣ ከልቡ ይናገረዋል።

ከልቡ የሚለው ቃል ላይ ነው ነገሩ ያለው። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሱዛን ሶንታግ በ1964 «ካምፕ» ስለሚባለው የውበት ስሜት በጻፈችው ድርሰት፣ ንጹሑ ካምፕ ራሱን የማያውቅ ነው ትላለች። ከልብ ሲሪየስ ሆኖ ተነስቶ ያልተሳካ ነገር ነው። ጥሩ ፊልም ልፋቱን ይደብቃል። ካሜራውን፣ መብራቱን፣ የደከመውን ተዋናይ አናይም፤ ታሪኩን ብቻ ነው የምናየው። የከሸፈ ፊልም ግን መጋረጃው ተቀዷል። በቀዳዳው በኩል ሰዎቹን እናያለን። የጥርስ ሐኪሙን እናያለን። የሽቦ እግር አስሮ የሚንገዳገደውን ወጣት እናያለን። ፊልሙ እንዲሳካ የፈለጉትን ያህል መፈለጋቸው ይታያል። የምንወደው ያንን ነው።

አሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ኤድ ዉድም ከዚህ ወገን ነው። ጓደኛው ቤላ ሉጎሲ፣ ያ ድራኩላን በመጫወት የታወቀው ተዋናይ፣ በ1956 ሲሞት በእጁ የነበረው የሉጎሲ ቀረጻ የጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ዉድ ግን በዚያ ቀረጻ ላይ ፊልም ሠራበት። የቀረውን እንዲሞላ የሚስቱን ወጌሻ አመጣ፤ በእነሱ አገር ኪሮፕራክተር የሚሉት የጀርባ አጥንት የሚያስተካክል ባለሙያ ነው። ሰውየው ከሉጎሲ ይረዝማል፣ መልኩም አይመሳሰልም። ስለዚህ ፊልሙን በሙሉ ፊቱን በካባ ሸፍኖ ይዞራል። ፊልሙ «ፕላን 9 ፍሮም አውተር ስፔስ» ነው። በ1980 ሜድቬድ የተባሉ ወንድማማቾች ባሳተሙት መጽሐፍ የምንጊዜም መጥፎ ፊልም ተብሎ ተመረጠ። ስሙም በዚያው ዓለምን ዞረ። ዉድ ይህን አላየም። በ1978 በድህነት ሞቷል።

ይሄኔ ጥያቄው ወደ እኛ ይመለሳል። ይህ ሳቅ ምን ዓይነት ሳቅ ነው? ሙድ መያዝ ብቻ ከሆነ ደስ አይልም። «ትሮል 2» ላይ በልጅነቱ የተጫወተው ማይክል ስቲቨንሰን አድጎ በ2009 ስለ ፊልሙ «ቤስት ወርስት ሙቪ» የሚባል ዘጋቢ ፊልም ሠራ። እዚያ ላይ ሁለቱንም ዓይነት ሳቅ እናያለን። የጥርስ ሐኪሙ ሃርዲ በየአዳራሹ ሲገባ ሕዝቡ ቆሞ ይቀበለዋል። እሱም ፊቱ እያበራ የፊልሙን ንግግር ይደግምላቸዋል። ፍራጋሶ ግን ሕዝቡ የሚያስቀውም የማያስቀውም ቦታ ላይ መሳቁ ቅር ያሰኘዋል። እሱ ስለ ቤተሰብና ስለ ሞት ትልቅ ፊልም ሠርቻለሁ ብሎ ያምናል። ዘጋቢ ፊልሙን ሳየው በፍራጋሶ ላይ ለመፍረድ አልቻልኩም። ለልጅህ ያወጣኸውን ስም ሰው ሁሉ እየሳቀ ቢጠራው ምን ይሰማሃል?

ገበያው ይህን ፍቅር ካየ ቆይቷል። ሆን ተብሎ መጥፎ የሚሠራ ፊልም አሁን ብዙ ነው። በ2013 «ሻርክኔዶ» በቴሌቪዥን ቀርቦ ከሰማይ ሻርክ አዘነበ፣ ትዊተርንም አጥለቀለቀ። በ2023 ደግሞ የልጆች መጽሐፉ ድብ ዊኒ ዘ ፑህ የመብት ዘመኑ ስላበቃ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ መጣ። ከ100 ሺህ ዶላር ባነሰ በጀት ተሠርቶ ሚሊዮኖችን አስገባ፤ በመጥፎ ፊልም ሽልማትም አምስት ራዚ ወሰደ። ብዙ ሰው ተዝናንቶባቸዋል። እኔን ግን አይዙኝም። ሆን ብሎ የወደቀ ሰው ሲወድቅ አይጎዳም። እኔ ደግሞ ማየት የምፈልገው ላለመውደቅ የታገለውን ነው።

አሁን ከዚህ የባሰም መጥቷል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ የሆረር ቪዲዮዎች ማኅበራዊ ሚዲያውን እየሞሉት ነው። ስድስት ጣት ያለው እጅ፣ ከግድግዳ ጋር የሚቀላቀል ፊት። መጀመሪያ ሳያቸው ያው የድሮው ደስታ በሌላ መንገድ መጣ ብዬ ነበር። አልሆነም። አሥር ደቂቃ አይቼ ደበረኝ። ስድስተኛውን ጣት ማንም አልሠራውም። ማንም አምስት ሊያደርገው አልታገለም። ጣቱ ሲበላሽ አንድም ሰው ሌሊት አላደረም፣ አንድም ሰው አላፈረም። የእሳት እራቶቹ ግን ኤል ፓሶ ውስጥ በእውነተኛ ሌሊት፣ በእውነተኛ መብራት ዙሪያ ነበሩ። አንድ ማዳበሪያ ሻጭ በእጁ እያባረራቸው ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ሆረር ባይሆንም ካምፓላን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ዋካሊጋ በሚባል የድሃ ሰፈር ውስጥ አይዛክ ናብዋና የሚባል ሰው አለ። ከአሮጌ ዕቃ በገጣጠመው ኮምፒዩተር የአክሽን ፊልም ይሠራል። በ2010 የወጣው «ሁ ኪልድ ካፕቴን አሌክስ» ከ200 ዶላር ባነሰ ወጪ ነው የተሠራው ይባላል። ሄሊኮፕተሩ መጫወቻ ይመስላል። ጠመንጃው ብየዳ ቤት የተሠራ ነው። ግን ላዩ ላይ ቪጄ ኤሚ የሚባል ሰው ድምፅ አለ። እንደኛ ቪዲዮ ቤት ደምበኞች ከፊልሙ ጋር እያወራ፣ እየጮኸ፣ ተመልካቹን እየቀሰቀሰ አብሮ ያያል። እዚያ ሳቁ ከውጭ አልመጣም። ሠሪዎቹ ራሳቸው ተመልካቹን ጠርተው አብረው እየሳቁ ነው። የዩጋንዳውን ፊልም ያየ ሰው ሙድ ልያዝ ብሎ ቢቀመጥ እንኳ ብዙም ሳይቆይ ደጋፊ ሆኖ ራሱን ያገኘዋል።

«ማኖስ» ግን መጨረሻው ምን ሆነ? በ2011 ቤን ሶሎቬይ የተባለ የፊልም ባለሙያ የፊልሙን ጥሩ የ16 ሚሊሜትር ቅጂ አገኘ። ከሚወዱት ሰዎች ገንዘብ ተሰብስቦ ቅጂው ተጠገነ። በ2015 በብሉ ሬይ ወጣ። ለአስርት ዓመታት ጭቃ መስሎ ይታይ የነበረው ፊልም ቀለም አገኘ።

ብስክሌት የተሰጣት ልጅ፣ ጃኪ፣ በ1966ቱ ምርቃት አዳራሹ ውስጥ ነበረች። ከአፏ የማታውቃት ሴት ድምፅ ሲወጣ ሰምታ አለቀሰች። አድጋ ስለዚያ ጊዜ መጽሐፍ ጽፋለች። የፊልሙን ክፉ ጌታ የተጫወተው ቶም ኒማን አባቷ ነው። ልብሱን ያዘጋጀችው እናቷ ናት። አጠገቡ የቆመው ዶበርማን የቤታቸው ውሻ ነው። በተጠገነው ቅጂ ላይ ይህ ሁሉ በደንብ ይታያል። አባቷ ክንዱን ሲዘረጋ ጥቁሩ ካባ ይከፈታል፤ ሁለት ትልልቅ ቀያይ እጆችም ስክሪኑን ይሞሉታል።